ጥያቄው ቆጋ የቀረ ዕለት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያረጋል የሚባል ሰው አንድ ነገር ከነገራችሁ መጀመሪያ ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን ጣሉት። የቀረውን እንደገና ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ብትጥሉ፣ የተረፈችው ቁራጭ ምናልባት፣ ምናልባት ነው እንግዲህ፣ እውነት ትሆናለች።

ሞንታርቦ አከራይ ነው። ሠርግ ሲኖር፣ ስብሰባ ሲኖር፣ ኳስ ሲኖር በጋሪ ጭኖ ይመጣል፣ ሽቦውን ይዘረጋል፣ ማይኩን ኳ ኳ አድርጎ "አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት" ይላል። ሞንታርቦው በደንብ ሲከፈት ብር ወንዝ ድረስ ተሰምቶ ውኃ የሚጠጣ ከብት ቀና እንደሚል፣ አንድ ቀንማ ወንዙ ራሱ ቆም ብሎ እንዳዳመጠ ምሎ ይናገራል። ባለፈው ዓመት ደግሞ "ቀጭኔ የጫነ መኪና ከቡሬ ተነሥቷል፤ አንገቷ የመብራት ሽቦ እንዳይነካ ሕዝቡ ይጠንቀቅ" ብሎ በማይክ አውጆ፣ ግማሹ ከተማ አስፋልት ዳር ተሰልፎ ወደ ቡሬ አንጋጦ ዋለ። ትምህርቱን የተወው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። ለምን ተውህ ያሉት እንደሆነ "የሚያስተምሩኝ አልቆባቸው" ይላል።

እንግዲህ መምህርት ሜላት የአራቱን ከተማ የጥያቄና መልስ ውድድር ጥያቄ ተቀብለህ አምጣልኝ ብላ አደራ የሰጠችው ለዚህ ሰው ነው።

ሌላ ሰው አጥታ ነው። ሜላት የታሪክ መምህርት ናት፤ ውድድሩንም ለብቻዋ ነው የምትጎትተው። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከዱርቤቴና ከገበዝ ማርያም አራት አራት ተማሪ ይመጣል፤ መድረክ ላይ ይፋጠጣል። አምና ጥያቄው ቀድሞ ወጥቷል ተባለና መጨረሻው ወንበር መወራወር ሆነ። ስለዚህ የዘንድሮውን ጥያቄ ባሕር ዳር ያለ፣ ከአራቱም ከተማ ጋር ዝምድና የሌለው ሰው እንዲያወጣ፣ አሽጎም በቅዳሜ መጀመሪያ ሚኒባስ እንዲልክ ተደረገ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አቶ ክንፈሚካኤል ደግሞ፣ ሲስቁ ያያቸው ሰው ገና ያልተወለደ፣ ጣታቸውን ቀስረው እንዲህ አሏት፦

"አንድ የጽሑፍ ቅሬታ ከደረሰኝ ይህ ውድድር የመጨረሻው ነው። አንድ! ሁለት አላልሁም።"

ሜላትም ያረጋልን ጠርታ "መናኸሪያው አፍንጫህ ሥር ነው። ፖስታውን ትቀበላለህ፣ ሞንታርቦውን ትተክላለህ፣ ጥያቄውን በዚያ ድምፅህ ታነባለህ። ዛሬ ግን ቀልድ የለም። በኔ ሞት በል" አለችው።

"በአንች ሞት" አለ።

ለያረጋል ከሽቦ በቀር አደራ የሰጠው ሰው ኖሮ አያውቅም። ቃሉን ለመጠበቅ ሲል ሦስት ቀን ሙሉ አልዋሸም ይባላል፤ በሁለተኛው ቀን አመመውና ተኛ።

ቅዳሜ ጧት ሚኒባሱ ገና ሳይቆም በሩ ላይ ተንጠለጠለ። ረዳቱ ከወንበር ሥር ካኪ ፖስታ መዝዞ ወረወረለት። ያረጋል ገልበጥ አድርጎ አየው። ሐምራዊ ክብ ማኅተም አለበት። በኛ አገር እንግዲህ ሐምራዊ ክብ ማኅተም ያረፈበት ነገር ሁሉ እውነት ነው፤ ክቡ ውስጥ የተጻፈውን ማንም አንብቦት አያውቅም፣ ቀለሙ ተደፍቶ አይነበብምም። ያረጋልም አላነበበም። ፖስታውን ከሸሚዙ ሥር ከትቶ፣ አንዴ በእጁ አንዴ በክንዱ እየደበቀ፣ እንደ ታቦት አጅቦት ትምህርት ቤት ገባ።

ግቢው ሞልቷል። ገበያ ቀን ስለሆነ ተማሪው ብቻ አይደለም፤ ጤፍ የሸጠው፣ በግ ያልተሸጠለት፣ ዝም ብሎ ሰው ሲሄድ አይቶ የተከተለው ሁሉ ባሕር ዛፉ ሥር ተኮልኩሏል። አንድ የደምበጫ ሽማግሌ፣ አያ አለበል የሚባሉ፣ የገዙትን በሬ በገመድ እንደያዙ ከፊት ቆመዋል። መድረኩ ከዴስክ የተሠራ ነው። ለየቡድኑ አንድ አንድ ቃጭል ተቀምጧል፤ ቀድሞ ያቃጨለ ቀድሞ ይመልሳል። ቃጭሎቹን ያረጋል ነው ከቡሬ ገበያ ያመጣቸው። ሊሞክር አንዱን ቅልል ሲያደርገው፣ ቅዳሴ የለመዱት አዛውንት ሁሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ብድግ አሉ፣ ባርኔጣ ያደረገው ባርኔጣውን አወለቀ። "ተቀመጡ! ተቀመጡ! የከብት ነው!" ብሎ ጮኸ።

ከቡሬ ቡድን ጋር የመጣው መምህር አቶ ገነነ ይባላል። ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥቁር አቃፊ ታቅፏል። አቃፊው ውስጥ ምን እንዳለ ያረጋል ሽቦ ሲዘረጋ ሰርቆ አይቷል፦ የተተየበ የቅሬታ ደብዳቤ። ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ፊርማና ማኅተም አለው። ባዶ የቀረችው "ምክንያቱም" ከሚለው ቀጥሎ ያለችው መስመር ብቻ ናት።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሜላት ማኅተሙን በአራቱ አምበሎች ፊት ቀደደች። የራሷ ትምህርት ቤት ስለሚወዳደር ወረቀቱን እንዳታይ ፊቷን አዞረችና ለያረጋል ሰጠችው። ያረጋል ጉሮሮውን ጠረገ። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። በሬው እንኳ ማመንዠኩን አቆመ።

"ጥያቄ ቁጥር አንድ!" አለ፣ ባሕር ዛፉ እስኪረግፍ። "ሃይለ ሚካኤል፤ ሽንኩርት፤ ሰኞ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት!"

ቅልል! የቡሬው አምበል ይታገሱ፣ መነጽራም ቀጭን ልጅ፣ ቃጭሉን ሊሰብረው ደረሰ። "ሦስት ሰዓት!"

"ምኑ?"

"ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት፣ ሦስት ሰዓት ነው!"

ሕዝቡ አጨበጨበ። ያረጋልም ትክክል መሰለውና "ቡሬ አንድ ነጥብ!" አለ። "ጥያቄ ቁጥር ሁለት! ፍሬሕይወት፤ ስንዴ፤ ሰኞ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት!"

ቅልል! አሁንም ይታገሱ። "ሦስት ሰዓት!"

"ኧረ ይሄ ፈተና ለሱ ነው የወጣው!" አለ ከዱርቤቴ በኩል አንዱ።

ያረጋል ወረቀቱን ወደ ታች አየ። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ስንዴ፣ ሽንኩርት። አራት መቶ ያህል ስም። ከላይ በደማቁ "የቆጋ መስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች የሳምንት ተራ" ይላል።

"መምህርት" አለ ማይኩን ሸፍኖ፣ "ያዝኋት ያልሁት ፖስታ የኛ አይደለም።"

ሜላት ወረቀቱን ቀማችው። አየችው። ፊቷ እንደ ወረቀቱ ሆነ።

"ንገራቸው" አለች ድምፅዋ እየራቀ። "ምን ይደረጋል፣ ንገራቸው።"

"የተከበራችሁ ሕዝብ ሆይ" አለ ያረጋል፣ "ጥያቄው ጠፍቷል።"

ግቢው በሳቅ ፈነዳ።

"እውነቴን ነው! የያዝሁት የመስኖ ተራ ነው! ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል!"

"ቀጭኔዋ በላችው?" አለ አንድ ጎረምሳ። ሕዝቡ ሆዱን ያዘ። አንዲት ሴትዮ "ወይ ያረጋል፣ ዛሬስ በጧቱ ጀመረው" ብላ እንባዋን ጠረገች።

ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ አምነውታል። ዛሬ እውነት ተናግሮ ይሣቅበታል። ያረጋል ስልኩን አውጥቶ ለሚኒባሱ ረዳት ደወለ፤ ረዳቱ "መራዊ ላይ ያወረድሁት የማን ነበር ታዲያ?" ብሎ የተቀባዩን ቁጥር ሰጠው። ተቀባዩ የቆጋው የውኃ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ያረጋልም ሲያነሣለት ጊዜ ስልኩን ማይኩ አፍ ላይ ደቀነው።

"ሃሎ! እናንተ ናችሁ?" የሰውየው ድምፅ በሞንታርቦው እንደ ነጎድጓድ ወረደ። "ምን ዓይነት ቀልድ ነው? አራት መቶ አባል ሰብስቤ ተራ ላነብ ብከፍተው 'የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ማን ይባላል? ሚቶኮንድሪያ' ይላል። በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ጠራሁት! በኛ ማኅበር እንዲህ የሚባል አባል የለም! ቀጥሎ ደግሞ 'የውኃን ኬሚካዊ ቀመር ጻፍ' ይላል። ውኃውን ልቀቁልን እንጂ ቀመሩን ምን ልናደርገው ነው? ሰውዬው፣ ሽንኩርቱ ደረቀ እኮ!"

ያረጋል ተራውን በፎቶ እልክልዎታለሁ ብሎ ምሎ ዘጋው። አሁን ማንም አልሣቀም። ማኅተሙ ተቀዷል፣ ጥያቄውም ለአራት መቶ ገበሬ በድምፅ ማጉያ ተነቧል፤ አምና ወንበር ያወራወረው ይኸው ነበር። አቶ ገነነ አቃፊውን ከፍቶ ብዕሩን ነቀለ። አቶ ክንፈሚካኤል ሰዓታቸውን አዩ።

"ግማሽ ሰዓት" አሏት ሜላትን። "ከዚያ ሁሉም ወደ አገሩ ይሳፈራል።"

ሜላት ዴስኩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከገበዝ ማርያም የመጡት ልጆች ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት በአይሱዙ ተጭነው ነው የደረሱት፤ አቧራው ገና ቅንድባቸው ላይ ነው። ያረጋል እነሱን አይቶ፣ ሜላትን አይቶ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

"አንተ ልጅ" አሉ አያ አለበል፣ በሬውን ለጎረቤታቸው አስይዘው ወደ መድረኩ እየቀረቡ። "ጥያቄ ጠፋ ነው ያልህ? ጥያቄ ምኑ ይጠፋል? ልጆቹ አፍ የላቸውም?"

"እንዴት አባቴ?"

"አባቴ ሲሟገት አይቻለሁ፤ እንደዚህ ልጅ ሳለሁ። ጥያቄ ከባሕር ዳር አልመጣለትም። ከሳሽና ተከሳሽ እርስ በርሳቸው ነው የሚጠያየቁት። አንዱ ጋቢውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ነቅንቆ 'ተጠየቅ!' ይላል። ሌላው 'ልጠየቅ!' ይላል። ጠያቂ ያስይዛል፤ ማር ይሁን በቅሎ ይሁን ያስይዛል። የተጠየቀው ከመለሰ የተያዘውን ይወስዳል። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀማ ጉዱ ፈላ! መጨረሻ ላይ የተረታ በራሱ አፍ 'ተረታሁ' ይላል። በራሱ አፍ ተረታሁ ያለ ደግሞ ይግባኝ የለውም።"

ሜላት ከዴስኩ ተስፈንጥራ ተነሣች። "ክፍል ውስጥ አስተምረዋለሁ እኮ! በየዓመቱ አስተምረዋለሁ!"

አቶ ክንፈሚካኤል ከተባለው ሁሉ አንዲቷን ብቻ ነው የሰሙት። "ይግባኝ የለውም ነው ያሉት?"

"የለውም ጌታው።"

"በቃለ ጉባኤ ይያዝ።"

ተያዘ። ሁለት ሁለት ቡድን ይገጥማል፤ በበቅሎ ፈንታ ነጥብ ይያዛል፣ ከአንድ እስከ ዐሥር። የተጠየቀው ቡድን ቃጭሉን መትቶ "ልጠየቅ" ይላል። መመለስ ካቃተው የተያዘው ነጥብ ለጠያቂው ይሆናል። አራቱ አምበሎች ፈረሙ፤ አቶ ገነነም "ለጊዜው" ብሎ ፈረመ። ሜላት "ዳኛ" ከሚለው ጎን ብዕሯን አቁማ አሰበች። ማንን ብትጽፍ የአንዱ ወገን ነው። የፊዚክሱ መምህር ገና ስሙ ሳይጠራ እጁን አወናጨፈ፦ "እኔን ተዉኝ፤ በኋላ ለቤቱ አደላ ልባል?" ስለዚህ "ያረጋል" ብላ ጻፈች። የያረጋል ስም መዝገብ ላይ የሰፈረው ትምህርት ቤት ሲገባና ከዝርዝሩ ሲሰረዝ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ይኸ ሆነ።

መጀመሪያ ልጆቹ አፈሩ። የፍኖተ ሰላሙ አምበል የሽማግሌውን ዘንግ እንደ እባብ ነው የያዘው። "ተጠየቅ" አለ በቀጭን ድምፅ።

"ምነው፣ ቁርስ አልበላህም?" አለ ያረጋል በማይኩ። "አደግድገህ! እግርህን መሬት ምታበት!"

ልጁ ከአንዱ ገበሬ ጋቢ ተዋሰ፣ አደገደገ፣ ዴስኩን በእግሩ ደበደበው። "ተጠየቅ!"

ቅልል! "ልጠየቅ!" አለ ይታገሱ ከቡሬ በኩል።

"አምስት ነጥብ አስይዤ! ከፀሐይ ስድስተኛዋ ፕላኔት ማን ናት?"

ይታገሱ ቀለበት በጣቱ አየር ላይ እያዞረ "ባለቀለበቷ! ሳተርን!" ብሎ አምስቱን ነጠቀው። ቀጥሎ በተራው ጠየቀ፣ አገኘ። የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ተናደደና ዐሥር አስይዞ አንድ አስፈሪ የሒሳብ ጥያቄ ወረወረ። ይታገሱ አንገቱን ደፍቶ "አላወቅሁትም፤ መልሱን ንገረና ውሰድ" አለ። ልጁ አፉን ከፈተ። ዘጋ። ጣሪያ የሌለውን ሰማይ አየ። መልሱ ከአእምሮው ብን ብሎ ጠፍቷል።

"ጉዱ ፈላ!" አሉ አያ አለበል፣ እየዘለሉ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ያረጋል እንደሚለው የዘለሉት ግን አንድ ሜትር ከሃያ ነው። የፍኖተ ሰላሙ ልጅ "ተረታሁ" ሲል የራሱ ጓደኞች እንኳ አጨበጨቡለት።

ገበዝ ማርያምና ዱርቤቴ ሲገናኙማ ግቢው ቀለጠ። ዱርቤቴዎች የእህል ገበያ ልጆች ናቸው፤ ኩንታል፣ ፈረሱላ፣ መቶኛ እያሉ እንደ ደላላ ነው የሚጠይቁት። የገበዝ ማርያሟ አምበል ያምሮት ግን፣ ቁመቷ ከዘንጉ የምታንስ፣ ጥያቄው ገና ሳያልቅ መልሱን ታስቀድማለች። "እስኪ ልጨርስ!" አላት የዱርቤቴው ልጅ። "ጨርስ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ" አለችው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ የሷ ሆነ። ገበያቸውን ትተው የመጡ፣ በግ ጎትተው የመጡ፣ አጥር ላይ የወጡ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀሉ፤ ቅልል ሲል እልልታ፣ ተጠየቅ ሲል ፉጨት። ዱርቤቴም በክብር ተረታ።

ለፍጻሜው ቡሬና ገበዝ ማርያም ቀረቡ። ይታገሱ ሃያ አንድ፣ ያምሮት ዐሥራ አራት። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጠያቂዋ ያምሮት ናት።

ዘንጉን በሁለት እጇ አነሣች። "ተጠየቅ!"

ቅልል! "ልጠየቅ!"

"ዐሥር ነጥብ አስይዤ!"

"ኧኧኧ!" አለ ሕዝቡ።

"አንድ ዓይነት ድንች ነው። አንድ ዓይነት ድስት፣ አንድ ዓይነት እሳት። ገበዝ ማርያም ላይ ነው ወይስ እዚህ ፍኖተ ሰላም ቀድሞ የሚበስለው?"

ይታገሱ ፈገግ አለ። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። "ገበዝ ማርያም ደጋ ነው። ከፍታው ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ግፊት ሲቀንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ ቀድሞ የሚበስለው ገበዝ ማርያም ነው!"

"አይደለም!" አለች ያምሮት።

አቶ ገነነ እንደ ጥይት ተነሣ። "ነው! መጽሐፉ ላይ አለ! ግፊት ሲቀንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል! ይህች ልጅ ፊዚክስ ልትሽር ነው? ዳኛ! ይፈረድ!" ብዕሩ "ምክንያቱም" ላይ አርፏል፤ "የገበዝ ማርያም ተማሪ" የሚለውን ጽፎም ጨርሷል።

ሁሉም ያረጋልን አየ። ሜላት አየችው። አቶ ክንፈሚካኤል አዩት። ከቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠሉት አዩት።

ያረጋል ደግሞ በዚህ ጊዜ ምላሱ ላይ አንድ የተዘጋጀ ነገር ነበረው። "አንድ ጊዜ ከአንድ ትልቅ ሊቅ ጋር በአውሮፕላን ድንች ስንቀቅል" ብሎ ቢጀምር ግማሹ ሰው ያምነዋል፣ ግማሹ ይሥቃል፣ በሣቁ መሐል ወደፈለገበት ይፈርዳል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው ያመለጠው። አፉን ከፈተ። ያምሮት ዘንጉን እንደያዘች አንጋጣ ታየዋለች፤ ይታገሱ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል። ሁለቱም እውነት የሚያወጣ ሰው ይመስል አምነውት ነው የሚጠብቁት። እንዲህ ያየው ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ምላሱ ላይ የነበረውን ዋጠው።

"አላውቅም" አለ።

ሞንታርቦው ሲጢጥ አለ።

"እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነው ያቆምሁት። የሁለቱም ነገር እውነት ይመስለኛል። የማላውቀውን አልፈርድም።"

"እንግዲያው ዳኛ ካላወቀ ምስክር ይጥራ!" አሉ አያ አለበል ከሥር። "ይህም ሕግ ነው። ሁለቱም ወገን የሚያምነው ምስክር!"

"በሁለቱም አገር ድንች የቀቀለ ሰው አለ?" ብሎ ጮኸ ያረጋል።

ከበሩ በኩል የሴቶች ሣቅ ተሰማ። "ኧረ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ አሉ! ይኸው! ግፏቸው!" ከትምህርት ቤቱ በር ሥር ለተማሪ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ የሚሸጡት ሴት ናቸው። እየተገፉ፣ እየተሽኮረመሙ፣ ማማሰያቸውን እንደያዙ መድረኩ ላይ ወጡ።

"የት ተወለዱ እማማ?"

"ቋሪት። እዚያው ገበዝ ማርያም አጠገብ።"

"ይኸው!" አለ አቶ ገነነ። "የልጅቱ ወገን ናት! አንቀበልም!"

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ በማማሰያው ጠቆሙት። "ወገን አልህ? ይህ መነጽር ያደረገው ይታገሱ የወንድሜ ልጅ ነው። ወንድሜ ቡሬ ነው ያገባው። ክርስትና ሲነሣ ያዘልሁት እኔ ነኝ። ከሱ የበለጠ ወገን ከየት አመጣለሁ?"

ይታገሱ ወደ ዴስኩ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው። "አክስቴ፣ ቀስ በይ" አለ።

"በሉ ይመስክሩ" አለ ያረጋል፣ ማይኩን እያስጠጋ።

"ምን ምስክር ያሻዋል? ቋሪት ሳለሁ ድንች ጥጄ፣ ውኃ ቀድቼ፣ ጎረቤት አውርቼ ስመለስ ገና ድንጋይ ነው። እንጨት ይፈጃል። እዚህ የመጣሁ ጊዜ በዚያው ልማዴ ጥጄ ብሄድ ስመለስ ገንፎ ሆኖ ጠበቀኝ። ሦስት ቀን ገንፎ ነው የሸጥሁት።"

ሣቁ ሳይበርድ ይታገሱ ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል፤ ግን አልተቀመጠም። "አክስቴ፣ ልጠይቅሽ። ቋሪት ላይ ውኃው ቶሎ ይፈላል አይደል?"

"ቶሎ ይፈላል። ይንተከተካል፣ ይጮሃል።"

"እና?"

"እናማ መጮህና ማብሰል አንድ ነው ያለህ ማነው? ጯሂ ውኃ ነው፤ ሙቀት የለውም።"

ይታገሱ ቀጥ ብሎ ቀረ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር። አቶ ገነነ "አትስማት! ቁጭ በል!" ይለዋል፤ እሱ አይሰማም። ድንገት በጥፊ ግንባሩን መታ።

"የሚፈላው እኮ በዝቅተኛ ሙቀት ነው!" ብሎ ጮኸ፣ የገዛ ዕዳውን ሳይሆን ዕጣ የደረሰው ይመስል። "መቶ ዲግሪ አይደርስም! ከፈላ በኋላ ከዚያ በላይ አይሞቅም! ቀድሞ ይፈላል፣ ድንቹ ግን በቀዝቃዛ ፍል ውኃ ነው የሚቀቀለው፣ ስለዚህ ይቆያል! መጽሐፉ ላይ ያለውም ይኸው ነው፤ እኔ ግማሹን ነው የያዝሁት!"

"እሱን ልል ነበር" አለች ያምሮት። "አላስጨረስኸኝም።"

ይታገሱ ቃጭሉን አነሣ። ቅልል አደረገውና "ተረታሁ!" አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር የያረጋል አፍ ራሱ አይበቃም። እልልታው፣ ፉጨቱ፣ ጭብጨባው አንድ ላይ ሲነሣ በሬው ገመዱን በጥሶ የእግር ኳስ ሜዳውን ሁለቴ ዞረ። የገበዝ ማርያም ልጆች ያምሮትን ከነዘንጉ አነሷት። የቡሬ ልጆች ይታገሱን አነሱት፤ ተረትቶ ሳለ፣ ማንም ለምን አላለም። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ የቀራቸውን ድንች ላገኙት ሁሉ አጎረሱ። አቶ ገነነ ብዕሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አንዴ ወረቀቱን አየ፣ አንዴ ልጁን አየ። ተማሪው በራሱ አፍ፣ በሺህ ሰው ፊት፣ ምክንያቱን ከነማብራሪያው ተናግሯል፤ ከዚህ ወዲያ በዚያች መስመር ላይ ምን ይጻፋል? ቀስ ብሎ ቁጭ አለ፣ አቃፊውንም ተቀመጠበት።

አቶ ክንፈሚካኤል ያኔ ተነሥተው ወደ መድረኩ ወጡ። ሜላት የያረጋልን እጅጌ ጨበጠች። ርእሰ መምህሩ ማይኩን ተቀብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ "ይህን ውድድር በሚመለከት" አሉ፤ መብራቱ ድርግም አለ። የከተማው ሁሉ ነው የጠፋው። ሞንታርቦው እንደ ድንጋይ ተቀመጠ።

"አይሰማም!" አለ ሕዝቡ። "ያረጋል! አንተ ተቀብለህ ንገረን!"

ያረጋል ጆሮውን ወደ አቶ ክንፈሚካኤል አፍ አስጠጋ። እሳቸውም ዝቅ ባለው የቢሮ ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦ "ቅሬታ ስላልቀረበ፣ የሚቀጥለውን ዓመት በተመለከተ ወደፊት ታይቶ የሚታሰብበት ይሆናል።"

ያረጋል ቀና አለ። ሺህ ሰው ያየዋል። ጧት በእውነቱ የሣቁበት ሰዎች ናቸው፤ አሁን ግን የሚለውን ለመስማት አንዱ የአንዱን አፍ በእጁ ይይዛል። ሦስት ቀን የተጠራቀመበት ነገር ከሆዱ ተነሥቶ ጉሮሮው ላይ ደረሰ።

"ርእሰ መምህሩ እንዲህ ይላሉ!" ብሎ ያለ ሞንታርቦ ጮኸ፣ ብር ወንዝ በእርግጥ የሰማው የዚያን ቀን ነው። "ለሚቀጥለው ዓመት ስምንት ትምህርት ቤት ይጋበዛል!"

ግቢው ተነቃነቀ። ሽማግሌዎች ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። "ያቆይልን! ዕድሜ ይስጥልን! ስምንት ነው ያሉት እኮ!" እያሉ ወደ ርእሰ መምህሩ ጎረፉ፣ ከዱርቤቴ የመጣው ሁሉ እጃቸውን ሊጨብጥ ተሰለፈ። አቶ ክንፈሚካኤል አፋቸውን ከፈቱ። የሚመርቃቸውን ሕዝብ አዩ። ዘጉት። ከዚያም ከሁለት ጨባጭ መሐል ወደ ሜላት ጎንበስ ብለው፣

"ስምንት ነው እንዴ ያልሁት?" አሉ።

"ስምንት ነው ያሉት ጌታዬ" አለች ሜላት፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ።